ሱሪዬን የጨረሰው ማን ነው?

ባለፈው ሐምሌ መገናኛ ላይ ሚኒባስ ስሳፈር ሱሪዬ ተቀደደ። "ጠርርር" ሲል ወያላውም ሰምቶታል። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ፊቱን አዞረ፤ እግዜር ይስጠው። ቢሮ ስደርስ ኮቴን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩና ቀኑን ሙሉ እንደዛው ዋልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "ሞቆኝ ነው" እላለሁ። በሐምሌ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበው!

ተራ ሱሪ ቢሆን ኖሮ እስቃለሁ እንጂ አልጽፍም ነበር። ግን አጎቴ ከጣሊያን ይዞልኝ በመጣው ጨርቅ ያሰፋሁት ሱሪ ነው። ጨርቁ ጠርዝ ላይ "ሱፐር 150" የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ እጅ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። ከለበስኩት ገና ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከሰልቫጅ የገዛሁት ወፍራም ግራጫ ሱፍ ሱሪ አለኝ። ከእኔ በፊት ማን እንደለበሰው፣ ስንት ዓመት እንደለበሰው አላውቅም። እሱ ግን ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሁለቱም ሱፍ፣ የሚለብሳቸውም ያው አንድ ሰው። ታዲያ ምን ሆነ?

ሰፈራችን ያሉ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ሱሪውን ገለበጡና ወደ በሩ ብርሃን ዘረጉት። "ና እስቲ እይ" አሉኝ። ብሽሽቱ አካባቢ ጨርቁ ወንፊት ሆኗል፤ ብርሃኑ በነጠብጣብ በነጠብጣብ ያልፋል። ከጎኑ ያለው ስፌት ግን ንክች አላለም።

"ስፌቱ አልለቀቀም፣ ጨርቁ ነው ያለቀው። በሳምንት ስንቴ ትለብሰዋለህ?"

"አራቴ... አምስቴም ይሆናል።"

"ስንቴስ ታሳጥበዋለህ?"

"በየሳምንቱ ላውንደሪ አስገባዋለሁ ጋሼ" አልኳቸው፣ ትንሽም ኮራ ብዬ።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ታዲያ ሌላ ምን ቀረው ልጄ!"

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሱፍ ያላነበብኩት፣ ያልጠየቅኩት የለም። እሳቸውንም በየሳምንቱ እየሄድኩ አድርቄያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። እኛ አገር "ሱፍ ለበሰ" ስንል ኮትና ሱሪ ለበሰ ማለታችን ነው። ጨርቁ ከላስቲክ ቢሠራም ሱፍ ነው። (የጾሙን ሱፍ ፍትፍት እዚህ ውስጥ አናስገባውም።) ስለዚህ "ሱፍ ሱሪ አለኝ" ከሚሉት ብዙዎቹ ያላቸው ፖሊስተር ነው፤ ቢበዛ ድብልቅ። ልብስ ሰፊው የሚለዩበት ዘዴ አላቸው። ከእግሩ እጥፋት ውስጥ አንዲት ክር መዘው አወጡና በላይተር ለኮሷት። የእኔዋ ጭስ ብላ ቶሎ ጠፋች፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተች፣ አመዷም ጣት ላይ ፍርክስክስ አለ። ቀጥለው ከሌላ ሰው ሱሪ አንዷን ለኮሱ። እሷ ቀልጣ ጠቆረችና እንደ ዶቃ ጠጠር ሆነች። "ይሄኛው ጌታው ሱፍ ነው ብሎ ነው የገዛው፣ እንዳትነግረው" አሉኝ።

ሱፍ የበግ ፀጉር ስለሆነ ሲቃጠል የፀጉር ጠባይ ያሳያል። በማጉሊያ ሲያዩት ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራራቢ ነው፤ ራሱም ጥቅልል ጥቅልል ያለ ነው። ጥቅልልነቱ ነው ጸባዩን ያሳመረው። ተጨማዶ አድሮ ብትሰቅለው ጠዋት ራሱን ያቃናል። ፖሊስተር በእርግጥ ከሱፍ ይጠነክራል፤ ቶሎ አይሳሳም። ግን ላብ አይጠጣም፣ ሽታ ይይዛል። ሱፍ ደግሞ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶም ስትነካው ደረቅ ይመስላል። ጠዋት በስድስት ዲግሪ ከቤት ወጥቶ ቀትር ላይ በሃያ አምስት ለሚቃጠል የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የተሻለ ጨርቅ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እኔ "ሱፐር 150" የሚለውን ሳይ ቁጥሩ የጥንካሬ ነበር የመሰለኝ። ትልቅ ቁጥር፣ ትልቅ ጨርቅ! ነገሩ ግልብጥ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው የፀጉሩን ቅጥነት ነው። ሱፐር 100 ለመባል የፀጉሩ ውፍረት በአማካይ ከ18.5 ማይክሮን መብለጥ የለበትም። ሱፐር 120 ከ17.5፣ ሱፐር 150 ደግሞ ከ16። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ይወደዳል፣ ለመፋተግ ያለው አቅም ግን ይቀንሳል። እኔ የሠርግ ጨርቅ ወስጄ የታክሲ ሰልፍ አስያዝኩት ማለት ነው።

ይሄ ሲገባኝ አያቴ ቤት ያለው ባና ትዝ አለኝ። የመንዝ ባና ነው፣ ከእናቴ በዕድሜ ይበልጣል ይላሉ። ልጅ ሆነን ሲያለብሱን አንገታችንን እየበላን እናለቅስ ነበር። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው፤ ለአንገት አይሆንም፣ ግን ባናውም በርኖሱም ከሰው ሰው እየተላለፈ ይኖራል። ሲረግጡት፣ ሲያነጥፉት፣ ጭስ ሲያጥነው ያው ነው። ሰልቫጁ ሱሪዬም ከዚህ ወገን ነው። እንደ ባናው አይኮሰኩስም፣ ግን ፀጉሩ ወፈር ያለ ነው። ልብስ ሰፊው በሁለት ጣታቸው አሽተው "ድሩም ማጉም ድርብ ክር ነው" አሉ። ሁለት ክር አንድ ላይ ተገምዶ የተሸመነ ማለት ነው። የጣሊያኑ ማግ ግን ነጠላ ነው አሉኝ።

እና ለየቀኑ ሱሪ ጨርቅ ስትገዙ ከሱፐር 100 ወይም 110 በላይ አትንጠራሩ ባይ ነኝ። ቁጥሩን ትታችሁ ክብደቱን ጠይቁ። በሜትር 300 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቶሎ አይጨማደድም። ደግሞ ጠርዝ ላይ "ሱፐር" የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ አትመኑ፤ መርካቶ ውስጥ ንጹሕ ፖሊስተር ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። ላይተሯን አትርሱ።

ሱሪ የሚያልቀው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ብሽሽቱ ጋ ጭንና ጭን በእያንዳንዱ እርምጃ ይፋተጋል፤ እንደኔ ጭኑ ደንደን ያለ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ቀጥሎ መቀመጫው። የቢሮ ወንበር፣ የታክሲ ወንበር፣ የካፌ ወንበር። ከዚያ የኪስ አፍ፣ ቁልፍና ስልክ የሚከቱበት። በመጨረሻ ተረከዝ ጋ ያለው ጫፍ፤ ሱሪው ትንሽ ከረዘመ ጫማ እየረገጠው ይነትባል። ጉልበቱ ግን የሚገርም ነው፣ ይወጠራል እንጂ አይቀደድም። ያደረ እንደሆነ ይመለሳል።

"ያደረ እንደሆነ" ያልኩትን ያዙልኝ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሱፍ ሲለበስ ላብና እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ሱፍ ከደረቁ ይልቅ ደካማ ነው። በማግሥቱ ሳይደርቅ መልሰህ ስታጠልቀው እርጥቡን እያፋተግከው ነው። አንድ ቀን ተሰቅሎ ቢያድር ይደርቃል፣ ቅርጹም ይመለሳል። እኔ አምስቱን ቀን አንድ ሱሪ ለብሼ እሑድ አሳርፈው ነበር። የደከመ አህያ እንኳ ከዚህ የተሻለ ዕረፍት ያገኛል።

ላውንደሪው ጋ እንምጣ።

ብዙ ሰው "ላውንደሪ ሱፍ ይጨርሳል" ይላል። ግማሽ እውነት ነው። በደንብ የሚሠራ ላውንደሪ ሱፍን በውሃ አያጥብም። ማሽኑ የቤት ማጠቢያ ይመስላል፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ግን ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው፤ በብዙ አገር ለአሥርት ዓመታት የተለመደው ፐርክሎሮኢትሊን፣ ባጭሩ ፐርክ የሚባለው ነው። ይሄ ፈሳሽ በራሱ ለሱፍ ከውሃ ይሻላል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ያ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ይጓጉላል፣ ሱሪውም ይገባል። ፈሳሹ ይሄን አያደርግም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ቶማስ ጄኒንግስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የኒው ዮርክ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1821 ልብስ ሳይበላሽ የሚጸዳበትን ዘዴ ፈልስፎ መብቱን በስሙ አስመዝግቧል። ይሄን ለእኛ ልብስ ሰፊ ስነግራቸው መቀሳቸውን እንኳ አላስቀመጡም። "ድሮስ፣ ከልብስ ሰፊ ሌላ ልብስ የሚያውቅ ማን አለ?"

ታዲያ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ልብሱ ማሽኑ ውስጥ ይንከባለላል። ያልተራገፈ አቧራና አሸዋ ካለበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈቀፍቀዋል። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ እድፉን ብቻ ለይቶ አይወስድም፣ ፀጉሩን የሚያለሰልሰውን ቅባትም ይዞት ይሄዳል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢሆን ምንም አይደል። በየሳምንቱ ሲሆን ግን ጨርቁ ይደርቃል፣ ይከረክራል። ሦስተኛውና የባሰው ካውያው ነው።

ይሄን በራሴ ላይ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ጥቁር ሱሪዬን ከላውንደሪ ሳመጣ መቀመጫው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። መስመሩ ደግሞ እንጀራ የሚቆርስ ነው፣ እሱስ አልተቻለም። ልጅቷን "ይሄ ምንድን ነው?" ስላት "አዲስ ሆነ እኮ ወንድሜ!" አለችኝ። አዲስ አልሆነም። የጋለ ካውያ ጨርቅ ሳይደረብበት ቀጥታ ሱፉ ላይ ሲጫን ፀጉሩ ይደፈጠጣል፤ የተደፈጠጠ ነገር ደግሞ ብርሃን ይመልሳል። ቀድሞም በመቀመጥ የተፋተገ ቦታ ላይ ሲሆን ይብሳል። እርጥብ ጨርቅ ደርቦ በእንፋሎት መተኮስ፣ ከዚያ ገና እንደሞቀ በብሩሽ ቀና ማድረግ ትንሽ ያሻሽለዋል። ጨርሶ አይመለስም።

ሌላም ጉድ አለ። ሌላ ቦታ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለ ውሃ እናጥባለን የሚል ቤት፣ የሰጠሁት ሱሪ እግሩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀረ። በውሃ አጥበውት ነው። ታጥቦ ጭቃ ማለት ይሄኔ ነው። ብሟገትም "ሲመጣም እንዲሁ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቤት ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ማሽኑን ነው። ማሽኑ የት እንዳለ መናገር ያልፈለገ ሰው ሱሪዬን አያገኝም። ልብሱ ውስጥ ያለችውን ምልክትም እያየሁ ነው። ክብ ምልክት ማለት በፈሳሽ ይጸዳል ማለት ነው፤ ክቡ ላይ የኤክስ ምልክት ካለበት አይሆንም። ባልዲ መሳይ ውስጥ እጅ ካለ በእጅ ማጠብ ይቻላል።

ደግሞ ላውንደሪ ሁሉን እድፍ ያስለቅቃል ብላችሁ አትመኑ። ፈሳሹ ቅባት ላይ ጎበዝ ነው፤ ቅቤ፣ ዘይት፣ የወጥ ፍንጣቂ። ላብ ግን ጨው ነው፣ የሚሟሟው በውሃ ነው። ስኳር ያለው ነገርም እንደዚያው። ሚሪንዳ የፈሰሰበትን ሱሪ ሳትናገሩ ብትሰጡ ሲወጣ ንጹሕ ይመስላል፣ ካውያው ሲያገኘው ግን ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ የት ቦታ ምን እንደፈሰሰ በጣታችሁ አሳዩ። ማፈር የለም። የአልጫ እርድ ግን ለማንም አይበገርም፤ እኔ ሱፍ ለብሼ ድግስ ስሄድ አልጫው ካለበት ጎን አልቀመጥም።

ፐርክን በተመለከተ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ለጤና ጥሩ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ደንብ ላውንደሪዎች በአሥር ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲተዉት ወስኗል። እኔ ልብሴ እንደመጣ ላስቲኩን ቀድጄ በረንዳ ላይ አናፍሰዋለሁ። ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ቁም ሳጥን መግባቱ ለሱፉም አይበጅም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ማታ ስገባ ኪሴን ባዶ አደርጋለሁ፣ ሱሪውን በመስመሩ አጥፌ ከእግሩ ጫፍ ይዤ ቁልቁል እሰቅለዋለሁ። ወገቡ ከባድ ስለሆነ ራሱ እየጎተተ ያቃናዋል። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፈዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጭቃ ከነካው አልነካካውም። የአዲስ አበባ የክረምት ጭቃ በእርጥቡ ከታሸ ጨርቁ ውስጥ ይገባል፣ ከደረቀ ግን በብሩሽ ይረግፋል። ዘይት ከፈሰሰበት ቶሎ ብዬ የሕፃን ፓውደር እነሰንስበታለሁ፣ አድሮ ይመጠዋል። ከተጨማደደ ሻወር ስወስድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እሰቅለዋለሁ፣ እንፋሎቱ ይበቃዋል። ላውንደሪ? ክረምት ሲወጣ አንዴ፣ ለፋሲካ አንዴ። የሚታይ እድፍ ካለ ብቻ ነው የምጨምረው። አይሸትም ወይ ለምትሉኝ፣ አይሸትም። ያደረ ሱፍ ሽታውን ይለቃል። ካላመናችሁ ባለቤቴን ጠይቁ፣ እሷ ሆዷ ውስጥ የምታስቀረው ነገር የለም።

ለረጅም ጊዜ ሳስቀምጠው ግን ሳይጸዳ አይገባም። ብል የሚወደው ላብና ወጥ የነካውን ነው። የሚበላውም የሚበረው አይደለም፣ ትሉ ነው፤ በራሪው ሲታይ ትሉ ሥራውን ጨርሷል። አንድ ሹራቤ ላይ ስላየሁ ሱሪዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼው ነበር። ቅዝቃዜው ይገድለዋል፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ባለቤቴ ሥጋ ልታወጣ ከፍታ "ይሄ ደግሞ የማን ሽንጥ ነው?" አለች።

የጣሊያኑን ሱሪ ልብስ ሰፊው አልጣሉትም። ከእግሩ እጥፋት ትርፍ ጨርቅ አውጥተው ብሽሽቱን ከውስጥ ጠገኑት፣ እስከ ጉልበት ገበር ጨመሩበት። ገበሩ መጀመሪያ ሲሰፋ መግባት ነበረበት፤ ጭኑ የሚፋተገው ከገበሩ ጋር ይሆንና ጨርቁ ይተርፋል። እኔ ነኝ ያኔ "ይሞቃል፣ ይቅር" ያልኩት። ሌላም መከሩኝ። ሙሉ ሱፍ ስታሰፋ ለአንድ ኮት ሁለት ሱሪ አሰፋ አሉ። ኮት ወንበር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ ሱሪ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሱሪያቸው የሞተባቸው ሦስት ኮቶች አሉ።

ሱሪውን ልወስድ የሄድኩ ቀን የለበስኩት ሰልቫጁን ነበር። ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል እጄን ያዝ አደረጉኝና ጎንበስ ብለው የሱሪዬን እግር በጣታቸው አሹ።

"ይሄን ስትጠላው ለሌላ እንዳትሰጥ፣ እኔ ጋ አምጣው።"

"አልጠላውም ጋሼ" አልኳቸው።